የጋሼ ዲንቃ ሦስት ሌንሶች

በቤት ሙሉ ሰው ፊት ያዋረደኝ ጋሼ ዲንቃ ነው። ቀኑ የእህቴ የዘነበች ሙት ዓመት ነበር፤ ቦታው መቱ፣ የእናቴ ቤት፤ እኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ ቀን ወዲያ መቱ ውስጥ ወርቅነሽ የሚለኝ ሰው ጠፋ። ስሜ «የሌንስ ቆሎ» ሆነ። ገበያ ስወጣም ቤተ ክርስቲያን ስሳለምም ከኋላዬ ይከተለኝ ነበር።

ባለፈው ወር የእህቱ ልጅ ከኖፓ ደውላ መሞቱን ነገረችኝ። «እትዬ ወርቅነሽ፣ አጎቴ ስምዎን ያነሱ ነበር» አለች። ምን ብሎ እንደሚያነሳኝ አልጠየቅኋትም። ዘጠናን አልፎት ነበር። ሙት አይወቀስም ይባላል። እኔ ግን በሕይወት ሳለም አልወቀስኩትም፤ ታዲያ መቼ ልውቀሰው? በሕይወት ሳለ አንቱ እለው ነበር። አሁን አልልም።

ጋሼ ዲንቃ የሐሉ ሰው ነው። ኡካ አጠገብ ተወልዶ፣ ጠላት ከወጣ በኋላ ጎሬ ወርዶ ከአንድ ግሪክ ቡና ነጋዴ ቤት ተቀጠረ። ግሪኩ አገሩ ሲገባ መኪናውንም ቤቱንም ሸጠ። ለዲንቃ ማንም የማይገዛውን ነገር ተወለት፤ ቤት ውስጥ ፊልም የሚያሳይ ትንሽ ፕሮጀክተር፣ ጥቂት ጥቅል ፊልም፣ ሦስት ሌንስ። ፊልሙ እንደ ከተማ ሲኒማ ፊልም አይደለም፤ ስፋቱ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር አይበልጥም። ግሪኩ ራሱ በየበዓሉና በየመንገዱ ያነሳው ነው።

ዲንቃ ያን ይዞ መቱ መጣና ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የሰዓትና የሬዲዮ መጠገኛ ከፈተ። እኔ እዚያ ዕቃ እየተቀበልኩ የባለቤቱን ስም እጽፍ ነበር። ወፍጮው ሲሠራ ማንም ማንንም አይሰማም፤ ስለዚህ እሱ የሰው ከንፈር እያየ መመለስ ለምዶ ነበር። ቀስ ብዬ የተሳደብኩትን ሁሉ ያውቅብኛል። ለቤተ ክርስቲያን ካልሆነ ባርኔጣውን አያወልቅም። ለችኩል ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ «ሱታ፣ ሱታ» ይላል፤ ቀስ፣ ቀስ።

ሌንሶቹን በስም ይጠራቸዋል። አንደኛው «ዳኛው» ነው። ብርሃኑ ቁጥብ ነው፤ ግን ከመሐል እስከ ጠርዝ ሁሉን እኩል ያሳያል፤ በሰው ፊት ላይ ያለች ጠባሳ አታመልጠውም። ሁለተኛዋ «እናቲቱ» ናት። አፏ ሰፊ ነው፤ ብርሃን ታፈሳለች፤ ግን ዳር ዳሩ ላይ ዛፉም ሰዉም እንደ ቅቤ ይቀልጣል። «እናት የልጇን ጉድ ትሸፍናለች» ይላል። ሦስተኛው «ያዮ» ነው። የኢሉባቦር እርጥበት ገብቶበት፣ ውስጡ ሻጋታ ሥር ሰዶ፣ ቅርንጫፍ አውጥቶ እንደ ያዮ አገር ጫካ ሆኗል። «ፈልገን ካየን ቀፎም አይጠፋውም» እያለ ይስቃል።

የቀሩት ሁለቱ እንደ ያዮ እንዳይሆኑ፣ ያዮም እንዳይብስበት፣ ሦስቱንም በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ በተቆላ ገብስ መሐል ይቀብራቸዋል። የተቆላ ገብስ እርጥበት ይጠጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌውን ለዶሮ ሰጥቶ አዲስ ይቆላል። በኋላ ሥራው የእኔ ሆነ።

«ገብሱ ይብረድ» አለኝ በመጀመሪያው ቀን። «እጅሽን እስከ አንጓሽ ክተቺ። አቡነ ዘበሰማያትን እስከ መጨረሻው ድገሚ። እጅሽ ካልሸሸ በርዷል ማለት ነው።»

ሌንስ ከውጭ ሲያዩት አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት መስታወት በሙጫ ተጣብቀው እንደሆነ፣ ሙጫውም ሙቀት እንደማይችል ነገረኝ። ነግሮኛል። አልነገረኝም አልልም።

ሥራ ሲቀዘቅዝና የወፍጮው ሞተር ኤሌክትሪክ ሲሰጠን መስኮቱን በቡና ጆንያ ይጋርድና ሌንሶቹን ያወዳድራል። አንሶላ ይሰቅላል፤ በአራቱም ማዕዘን በከሰል መስቀል ያሰምራል። ከአንሶላው እስከ ፕሮጀክተሩ በጫማው ይለካል። ከዚያ ያንኑ ፊልም፣ ያንኑ ቦታ፣ በሦስቱም ያሳያል። «ሌንስ ምስክር ነው» ይል ነበር። «የአንዱን ብቻ ሰምተሽ አትፍረጂ።» እኔ ይሰለቸኝ ነበር። አንድ ሰው አንድን ነገር ሦስት ጊዜ እያየ እንዴት እንደሚደሰት አይገባኝም ነበር።

አንድ የሐምሌ ቀን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ አንድ ጥቅል አወጣ። ግሪኩ በጥምቀት ሶር ወንዝ ዳር ያነሳው ነው።

«ኢንተለ ኮ» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው፤ «አንሶላው አጠገብ ቁሚ። አንዲት ልጅ ትመጣለች። አንገቷ ላይ ያለውን ዶቃ ቁጠሪልኝ። ዶቃ የሚያስቆጥር ሌንስ ጥሩ ሌንስ ነው።»

መጀመሪያ በያዮ አሳየኝ።

«ልጅ መሆኗን በምን አወቁ? ጭስ ነው የሚታየኝ።»

«ጎሽ። ያዮ ወደቀ።»

ፊልሙን ወደ ኋላ ጠቅልሎ እናቲቱን አስገባ። አንሶላው ነጣ። አንዲት ልጅ ነጠላዋን ወደ አፏ ወስዳ ትስቃለች። ልቤ አንድ ነገር አለኝ፤ መቁጠሬን ቀጠልኩ።

«ስንት ነው?»

«ሰባት… ስምንት። ከዚያ በኋላ ይቀልጣል።»

ዳኛውን አስገባ። ልጅቷ ነጠላዋን ከአፏ ስታወርድ የፊት ጥርሷ ጥግ ተሸርፏል። ያን ጥርስ የሸረፍኩት እኔ ነኝ፤ በልጅነታችን በእንስራ ስንጓተት።

«አሁንስ ስንት ሆነ?»

«አሥራ አንድ።»

«በደንብ ቆጠርሽ?»

«ዶቃው የእኔ ነው። ልጅቷ እህቴ ናት።»

ፕሮጀክተሩን ማቆም አልቻለም፤ ቆሞ የቀረ ፊልም በመብራቱ ይቃጠላል። ስለዚህ ዘነበች ስቃ፣ በእጇ ጠርታ፣ አንድ ቃል ተናግራ አለፈች። ሁሉም የአቡነ ዘበሰማያትን ግማሽ አይሞላም። ፊልሙ ሲያልቅ ዞር ብዬ አየሁት። ባርኔጣውን አውልቆ በደረቱ ይዞታል።

ዘነበች የሞተችው ከዚያ ጥምቀት በኋላ በመጣው መስከረም፣ በንዳድ ነው። አንድ ፎቶግራፍ እንኳ አልነበራትም።

«ኮቱ ነው ያለችው» አለ ዲንቃ፤ ከንፈሯን አይቷል። «ነዪ ነው ያለችው። ማንን ነው የምትጠራው?»

«እኔ እንጃ» አልኩት።

አውቅ ነበር። ግሪኩ ፊልሙን ሲያነሳ ከኋላው ቆሜ ነበር፤ ዶቃዬን ሳታስፈቅደኝ ስላደረገች እጄን አጣጥፌ አኩርፌ። ጠራችኝ፤ አልሄድኩም።

ለእናቴ የነገርኳት በዚያው ዕለት ነው።

«ትንቀሳቀሳለች?» አለች።

«ትስቃለች፣ እማዬ።»

«ድምጿስ?»

«ድምፅ የለውም። አንድ ነገር ትናገራለች፤ አይሰማም።»

«ምን አለች?»

«አይሰማም አልኩሽ እኮ።»

እናቴ በሙት ዓመቷ፣ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ በቤቷ ልታያት ፈለገች። መስከረም ሩቅ አልነበረም። ዓይኗን ግን ሞራ እየሸፈነው ነበር፤ የሰው ፊት የምትለየው ቀርባ፣ ያውም በብርሃን ነው። ዲንቃ ይህን ሲሰማ «እትዬ ደስታ የሚያዩት አንዴ ነው፤ በደንብ ይዩ» አለና ክረምቱን ሙሉ በዚህ ነገር ተጠመደ። አንድ አሮጌ መነጽር አምጥቶ በቅቤ ቀባው። የእናቴ ዓይን እንዲሆንለት ነው። ያን አድርጎ አንሶላው ፊት ይቀመጥና ሌንሶቹን ያወዳድራል። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ሬዲዮዋን ልትወስድ መጥታ በዚህ ሁኔታ አገኘችው።

«ጋሼ ዲንቃ፣ መነጽር ደግሞ በቅቤ ይበላል እንዴ?»

«እትዬ ብርቄ፣ የእርስዎን ምላስ ልቀባው ነበር፤ ቅቤው አይበቃም ብዬ ተውኩት።»

በመጨረሻ መላውን አገኘ። ፕሮጀክተሩን አስጠግቶ ምስሉን የሰፌድ ያህል ብቻ ሲያደርገው ብርሃኑ ተሰብስቦ ይደምቃል፤ ያኔ በዳኛው የተሸረፈው ጥርስ በቅቤውም በኩል ይታያል። «እናቲቱም ክፉ አይደለችም» አለ። «ግን እናት ልጇን ስታይ ሌላ እናት መሐል አትግባ። ዳኛው ይሁን።»

እንግዲህ ወደ ቅዳሜው ልምጣ። ሙት ዓመቱ እሑድ ነው። ቅዳሜ ገብሱን ቆላሁ። በዚያ ቀን እትዬ ብርቄ ሹሩባ ልትሠራኝ ቀጥራኛለች፤ ነገ ዘመድ ይመጣል፤ ከዘመድም ውጭ እንዲያየኝ የምፈልገው ሰው ነበረ። ሰውየው በኋላ ሌላ አገባ፤ ስሙን አላነሳም። እጄን ገብሱ ውስጥ ከተትኩ። «አቡነ ዘበሰማያት» ብዬ «ይትቀደስ ስምከ» ላይ እጄ ሸሸ። ትንሽ ቆየሁ፤ ቆሜ የጠበቅሁት ግን ሹሩባዬን እያሰብኩ ነው። ከዚያ ገብሱን ቆርቆሮው ውስጥ ገለበጥኩት፤ ሌንሶቹን ቀበርኩ፤ ክዳኑን ዘጋሁ፤ ሄድኩ። ዳኛው ከታች ነበር። እናቲቱና ያዮ ከላይ።

እሑድ ቤታችን ሞላ። ከጎሬም ከያዮም ዘመድ መጥቷል። ቤታችን ለወፍጮ ቤቱ ቅርብ ስለሆነ ባለወፍጮው ለዚያች ሰዓት ሞተሩን አስነስቶልን ሽቦ ሳብን። መስኮቱ ተጋረደ። እናቴን ከአንሶላው አንድ ክንድ ርቀት ላይ አስቀመጥናት። ቄሱ ሳይቀሩ ወደ አንሶላው ዞሩ።

ዲንቃ ቆርቆሮውን ከፈተ። ዳኛውን አወጣ፤ በበሩ ብርሃን አየው፤ አሸተተው፤ እንደገና አየው። ከዚያ፣ እንደ ሱቁ መስሎት ይሁን አላውቅም፣ ጮክ ብሎ፣

«ይህን ሌንስ ማነው የቆላው?» አለ።

አንድ ሰው ሳቀ። ሌላው ተከተለው።

«ወርቄ፣ ገብሱ ሳይበርድ ነው የከተትሽው? ሙጫው ቀልጧል እኮ። ነይ እይ፣ ሸረሪት ድር ሆኗል።»

«ቆሎ አድርጋዋለች በለኛ!» አለች እትዬ ብርቄ፤ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። በሙት ዓመት ቀን! ያንን ስም ያወጣችልኝ እሷ ናት። ቅዳሜ ስንት ሰዓት ከእሷ ዘንድ እንደደረስኩ ከእሷ በላይ የሚያውቅም የለም።

ስሙን የማላነሳው ያ ሰው ከበሩ አጠገብ ቆሞ ሲስቅ አየሁት።

«ማርያምን!» አልኩ። «ገብሱ በርዷል! ትናንት ሲሞክሩት መብራቱ ጎን ረስተው የተዉት እርስዎ ነዎት!»

ሳቁ ቆመ። በማርያም በሐሰት የሚምል የለም፤ ሌላው ንጹሕ ከሆነ እሱም ይምላል። ቤቱ ሙሉ ወደ ዲንቃ ዞረ።

«ዲንቃ» አለች እናቴ፤ «አንተም ማል።»

ዲንቃ አየኝ። ዳኛው እንደሚያየው አየኝ፤ ከመሐል እስከ ጠርዝ። ቢምል ከሁለታችን አንዳችን በሐሰት መማላችን ነው፤ የትኛችን እንደሆነ ደግሞ ሁሉም ሰው ያውቀዋል።

«እትዬ ደስታ፣ እኔ አልምልም» አለ። «ሌላ ሌንስ አለ። ትንሽ ይደበዝዛል እንጂ ልጅዎን ያሳይዎታል።»

«ካልማልክ አንተ ነህ።»

«እሺ። እኔ ነኝ። ልጅዎን ይዩ።»

«በልጄ ሞት ሰው አሳቅህ። ዕቃህን ይዘህ ውጣልኝ።»

ፕሮጀክተሩን አቅፎ ወጣ። ያን ጊዜ አንድ ቃል ብናገር ይመለስ ነበር። እንግዶቹን ማስተናገድ ጀመርኩ።

ሥራዬን ተውኩ። ስሙ ግን አልተወኝም፤ ሰው ማን እንደማለ ረሳና ቆሎውን አስታወሰ። ለዚህ ነው በደለኝ የምለው። ቀስ ብሎ ሊጠይቀኝ ይችል ነበር። «ሱታ» ማለት ለሌላ ሰው ብቻ አይደለም።

በሳምንቱ ቅዳሜ መጣ። በአጥራችን በር ላይ ፕሮጀክተሩን በጆንያ ጠቅልሎ፣ ባርኔጣውን አድርጎ ቆሟል።

«እናትሽን ልጠይቅ» አለ። «እናቲቱን ይዣለሁ። ወፍጮውም እየሠራ ነው።»

«ተኝታለች።»

እናቴ ውስጥ ቁጭ ብላ ጥጥ ትፈለቅቅ ነበር።

በሁለተኛው ቅዳሜ መጣ። ተኝታለች አልኩት። በሦስተኛው ቅዳሜ ሲመጣ ገና ሳልናገር እጁን አነሳ።

«ወርቄ፣ እኔን ሌባም ቢሉኝ ግድ የለኝም። ምንም እንድትናገሪ አልፈልግም። በሩን ብቻ ክፈቺ። የሰው ዓይን እንደ ሌንስ ገብስ ውስጥ አይቀመጥም።»

ከውስጥ እናቴ «ማነው?» አለች።

«ማንም አይደለም» አልኩና ዘጋሁ።

ለምን እንደዘጋሁ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። እናቴ በእናቲቱ በኩል ዘነበችን ካየች ዲንቃን ይቅር ትላለች፤ ይቅር ካለችው ትጠይቀዋለች፤ ከጠየቀችው የማልኩት መሐላ ይወጣል። ያን ቀን እንዲህ አብራርቼ አላሰብኩትም። ያን ቀን ያሰብኩት በገበያ ቀን የሚስቁብኝን ሰዎች ነው።

በገና እናቴ የእጇን ጣት መለየት አልቻለችም። በፋሲካ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ቀረላት። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረች። ስለ ሌንሱ አንድ ቀን አላነሳችም። አንዳንዴ ብቻ፣ ምሳ እየበላን፣ ድንገት፣

«ወርቄ፣ አንቺ አይተሻት የለ። ምን ነበር ያለችው?» ትለኝ ነበር።

«እማዬ ነው ያለችው» እላታለሁ።

«እማዬ አለች?»

«አዎ።»

ያኔ ጉርሻዋን ይዛ ፈገግ ትላለች።

እናቴን ከቀበርኩ በኋላ መቱን ለቅቄ ኡካ ማስተማር ጀመርኩ። ኡካ ያወቁኝ ወርቅነሽ ብለው ነው። ዲንቃ አርጅቶ ሱቁን ዘግቶ ኖፓ የእህቱ ልጅ ቤት መግባቱን ሰማሁ። ከኡካ ኖፓ ሩቅ አይደለም። አልሄድኩም።

ባለፈው ወር ሄድኩ። ድንኳን ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ ስለ እሱ ጥሩ ጥሩውን ያወራል፤ ሬዲዮ በነፃ ጠገነልኝ ይላል፤ ቅርጥምጥም ያለ ሰዓት አስነሳልኝ ይላል። ተራው እኔ ዘንድ ሲደርስ፣

«ዳኛውን የቆላሁት እኔ ነኝ። እሳቸው አይደሉም» አልኩ።

ሴቶቹ ተያዩ። አጠገቤ ያለችው «የትኛው ዳኛ ነው?» አለች። ሌላዋ «እርጅና ነው፣ ተያት» ብላ በኦሮምኛ አንሾካሾከች፤ ኦሮምኛ የማልሰማ መስሏት። ንፍሮ አቀረቡልኝ። በላሁ።

ስነሳ የእህቱ ልጅ ዝገት የበላው የብስኩት ቆርቆሮ አመጣች። «ቅዳሜ ቅዳሜ ገብስ እየቆሉ ይለውጡለት ነበር» አለች። «ዓይናቸው ከጠፋ በኋላም በዳበሳ። እኛ ለምን እንደሆነ አናውቅም። ወርቄ ከመጣች ስጧት ብለዋል።»

ተቀበልኳትና ቤቴ ገባሁ። ሦስቱም ሌንስ አለ። ጥቅሉም አለ፤ ፊልሙ ግን ተጣብቆ ድንጋይ ሆኗል፤ አይፈታም። ዳኛው ውስጥ ያ የሸረሪት ድር እንዳለ ነው።

ቅዳሜ ገብስ ቆላሁ። እጄን እስከ አንጓዬ ከትቼ አቡነ ዘበሰማያትን እስከ መጨረሻው ደገምኩ። እጄ አልሸሸም። ሌንሶቹን ቀብሬ ክዳኑን ዘጋሁ።